ወተቱ የሄደበት መንገድ

ከባጃጄ መስታወት ሥር የሁለት ልጆች ፎቶ ለጥፌአለሁ። ዳንግላ ውስጥ የተሳፈረኝ ሰው ሁሉ ሳይጠይቀኝ አይወርድም።

«መንታ ናቸው?»

«አዎ።»

«አይመሳሰሉም እኮ!» ይለኛል፣ እኔ ሳላየው የቀረሁ ይመስል።

ልክ ነው፤ አይመሳሰሉም። ወንዱ እኔን መስሎ ጆሮው ከፊቱ ቀድሞ ይታያል። ሴቷ፣ እግዜር ይመስገን፣ እናቷን መስላለች። የእኔዎቹ ግን የሚጋሩት አንድ ነገር አላቸው። እሱን ለመናገር ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ያለው መንገድ አይበቃኝም፤ ጀምሬ ሳልጨርስ «ወራጅ አለ!» ይሉኛል። እዚህ ወራጅ ስለሌለ ልጀምር።

ነገሩ የሆነው ባጃጅ ከተማችንን እንዲህ ሳይሞላት በፊት ነው። እኔም ያኔ ጋሪ ነጂ ነበርኩ። ቦራ የምለው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ፈረስ ነበረኝ። አሥረኛ ክፍል ተፈትኜ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር አባቴ ልጓሙን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጎ «እንግዲህ ይኸ ያስተምርህ» አለኝ። ድንች ጭኛለሁ፣ ሲሚንቶ ጭኛለሁ፣ ሙሽራ ጭኛለሁ፣ በሽተኛ ጭኛለሁ። ዓለምን ከፈረስ ጭራ ኋላ ተቀምጬ አይቼ የጨረስኩ ይመስለኝ ነበር። ሰው «ጉድ!» ሲል እኔ «ይኸማ ምን ይደንቃል» ባይ ነበርኩ።

ባለቤቴ ስመኝ ስታረግዝ ጤና ጣቢያ «ሁለት ናቸው፤ ቤት እንዳትወልጂ» ብለው አስጠነቀቋት። እኛም እሺ አልን። መውለጃዋ ሲቃረብ ሆስፒታሉ አጠገብ ካለው የእናቶች ማቆያ ልትገባ፣ እስከዚያ ግን የመጀመሪያ ልጅ ወግ ነውና እናቷ ዘንድ ልትሰነብት ተስማማን። እናቷ እማማ ይመኙሻል ከከተማው ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከብት አርቢ ሴት ናቸው። ከላሞቻቸው ጋር በአገውኛ፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ያወራሉ፤ ለላሞቹ የሚናገሩት ይበዛል። ከእኔ ጋርማ አማትና አማች ነን፤ ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም። ስገባ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ይስባሉ፤ ስወጣ ይመርቁኛል። በቃ።

ልጆቹ ግን ቀጠሮ አላከበሩም። ሐምሌ ውስጥ፣ ሲዘንብ አድሮ ጎህ ሲቀድ፣ የእማማ ጎረቤት ደወለች። «ማርያም ማረችልህ! ወንድና ሴት!» አለችኝ። ቦራን ጠምጄ ስወጣ የጠመድኩት እኔን ይሁን እሱን አላስታውስም።

ስደርስ ጎረቤቶች ደጅ ላይ ስለ እልልታ ይከራከራሉ። ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ነው ወጉ፤ ሁለቱ ባንድ ጊዜ ሲመጡ የማን እንደሚቀድም ግን ማንም አያውቅም። በመጨረሻ ሁሉንም ደምረው አቀለጡት። እኔም እየሳቅሁ ገባሁ፤ ሳቄ ግን ከደጃፉ አላለፈም።

ወንዱ ቀይ ነው። ሕፃን ሁሉ ሲወለድ ቀይ ነው ትሉኝ ይሆናል። የእሱ ግን ሌላ ነው፤ የበሰለ ቲማቲም ነው የሚመስለው። እህቱ ደግሞ ነጭ ናት። ከንፈሯ ሳይቀር ነጭ ነው፣ እንደ ጧፍ። ትተነፍሳለች፣ ግን አታለቅስም። ስመኝ ድካም ጥሏት ዓይኗን ጨፍናለች።

የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጭቃ በጭቃ ሆና ከእኔ እኩል ደረሰች። ሴቷን አንዴ አየቻትና «አሁኑኑ ሆስፒታል ውሰዷት!» አለች። ከዚያ ወደ እማማ ዞር ብላ «የእንግዴ ልጁስ ወጥቷል?» ስትል ጠየቀቻቸው።

«ሁለቱም ወጥተዋል» አሉ እማማ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው። «ቀብሬዋለሁ።»

ስንት እንደሆነ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ጥፍራቸው ውስጥ ጥቁር አፈር እንደነበረም አይቻለሁ። ግን በዚያ ሰዓት የጥፍር አፈር ማን ልብ ይላል?

ጋሪው ላይ ጭድ ጎዝጉዘን ስመኝን ከነወንዱ አስተኛናት። ሴቷን እማማ በደረታቸው ታቅፈው በጋቢ ሸፈኗት። መንገዱን ሙሉ ቀዳዳ እያበጁ ወደ ውስጥ ያያሉ፣ ይሸፍናሉ፣ መልሰው ያያሉ።

የሆስፒታሉ ዶክተር ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ በር ሲያልፍ ጎንበስ የሚል ረጅም ወጣት ነበር። ልጅቷን ሲያይ ንግግሩን ግማሽ ላይ ተወው። ኦክስጅን አስደረገላት፤ ጣቷን ጫን አድርጎ ለቀቀው፤ ነጭ የነበረው እንደነጣ ቀረ። «ደም የላትም» አለ። «ሰብለ፣ ቶሎ የደም ዓይነቷን እዪልኝ።»

ሰብለ የላብራቶሪ ባለሙያዋ ናት። ከትንሿ ተረከዝ ጠብታ ደም ወስዳ ሄደች። ቆየች። ተመልሳ መጣችና እንደገና ወሰደች። አሁንም ቆየች። በመጨረሻ የመስታወት ቁራጭ በእጇ ይዛ ከዶክተሩ ፊት ቆመች።

«ዶክተር፣ ግራ ገብቶኛል። መመርመሪያው ሲነካው ግማሹ ደም ይቋጠራል፣ ግማሹ አይቋጠርም። ኤ ነው ልል ስል ኦ ይሆንብኛል።»

«ከወንዱ ደም ጋር ተቀላቅሎ ይሆናል።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነው ደግሜ የቀዳሁት። የወንዱንም አየሁት። እሱም እንደ እሷ ሁለት ዓይነት ነው።»

ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። «ይቺ ልጅ ከዚህ በፊት ደም ተሰጥቷት ያውቃል?»

«ዶክተር፣ ዛሬ ጠዋት እኮ ነው የተወለደችው!» አልኩት።

አሰበ። ከዚያ እማማ ከተቀመጡበት አግዳሚ ፊት ቁጢጥ አለ። «እናቴ፣ ያዋለዱት እርስዎ ነዎት አሉኝ። የእንግዴ ልጁ አንድ ነበር ወይስ ሁለት?»

እማማ ነጠላቸውን ሳቡ። «ሁለት።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ወንድና ሴት አይደሉም እንዴ ልጄ? ሁለት ነዋ!»

«ልክ ነው» አለና ተነሣ። እሱ የተማረውም እንደዚያው ነበር። ሁለት የተለያየ ፅንስ፣ ሁለት የእንግዴ ልጅ። ስለዚህ የልጅቷ ደም ወደ ወንድሟ ሊሄድ አይችልም፤ ሌላ ቦታ ፈስሷል ማለት ነው። ወዴት? ከውጭ የደማ ነገር የለም። ወደ ጭንቅላቷ ወይም ወደ ሆዷ ከሆነ ደግሞ እዚህ ማየትም ማዳንም አይቻልም።

«እየደማች ከሆነ የምሰጣት ደም በተቀደደ ጆንያ እህል እንደመጨመር ነው» አለኝ ወደ ጎን ወስዶ። «ለሕፃን የሚሆን ያለኝ ደግሞ ጥቂት ነው። ባሕር ዳር ብልካት ይሻላል። አምቡላንሱ ሌላ ወላድ ሊያመጣ ወጥቷል፤ እንደተመለሰ ትሄዳለች።»

«መንገዱን ትችለዋለች?»

መልስ ከመስጠቱ በፊት ልጅቷን አየ። «አልዋሽህም» አለኝ። «ላትችለው ትችላለች።»

ስመኝ ከአልጋዋ ሆና ሰማች። አላለቀሰችም፤ ወንዱን ይበልጥ ወደ ራሷ ሳበችው። ያኔ ከአግዳሚው ላይ፣ ከነጠላ ውስጥ፣ ድምፅ ወጣ።

«አንድ ነበር።»

ዶክተሩ ዞረ። «ምን አሉ እናቴ?»

እማማ ቆመዋል። ነጠላው ከፊታቸው ወርዷል። ሁለት ዓመት ሙሉ አማቻቸው ሆኜ አገጫቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው። «የእንግዴ ልጁ አንድ ነበር። ዋሸሁህ።»

«እማዬ! ለምን?» አለች ስመኝ።

«መሲና ትባላለች ብዬ ነዋ! አገር ያወቀው ነው። ከወይፈን ጋር ተጣብቃ የመጣች ጊደር አትወልድም። ይህችም ከወንድሟ ጋር በአንዱ መጣች። ሰው ካየ ያወራል፤ ካወራ ማን ያገባታል? ስለዚህ ማንም ሳያየው ቀበርኩት።» እጃቸውን ዘርግተው አፈሩን አሳዩን። «አሁን ግን ሞተች ከምትባል መሲና ትባል!»

ከከብት ጋር ላላደጋችሁ፣ መሲና ማለት የማትወልድ ላም ናት። ትሰባለች፣ ታምራለች፣ ከዚያ ለበዓል ትታረዳለች። አያት ለልጅ ልጇ የማትመኘው ስም ነው። እዚያ ክፍል ውስጥ ግን ሁላችንም ስሟ ምንም ይሁን፣ ብቻ ትጠራበት ብለን የምንለምን ነበርን።

ዶክተሩ አልተቆጣም። አንዴ ቀዩን ልጅ፣ አንዴ ነጯን ልጅ፣ አንዴ የሰብለን መስታወት ተመለከተ። «አንድ ከነበረ…» አለ ለራሱ። «አንድ ከነበረ ሁሉም ይገጥማል። ደሟ የትም አልፈሰሰም፤ እሱ ጋ ነው ያለው። ግን ወንድና ሴት በአንድ… እናቴ፣ ሁለት ሆኖ ዳርና ዳሩ ተጣብቆ እንዳይሆን ያዩት?»

«እንጃ ልጄ። በጨለማ ነው ያየሁት። በእኔ ዓይን ግን አንድ ነው።»

«ማየት አለብኝ» አለ ዶክተሩ። «አምቡላንሱ እስኪመለስ ካመጣችሁልኝ አይቼ እወስናለሁ። ካልደረሳችሁ እልካታለሁ፤ ሌላ ምርጫ የለኝም።»

«ቦታውን ይንገሩኝ» አልኳቸው እማማን።

«አንተ አታገኘውም። እንዳይገኝ አድርጌ ነው የቀበርኩት» ብለው ቀድመውኝ ወጡ።

እኔ ከፊት ወደ ፊት፣ እሳቸው ከኋላ ወደ ኋላ ፊታቸውን አዙረው ተቀመጡ። ፊት ለፊት ባለመተያየታችን ይመስለኛል ያወሩኝ። ቦራ ጭቃውን እየረጨ ይሶመሶማል፤ የእሳቸው ድምፅ ከጀርባዬ ይመጣል።

«ሻሼ የምትባል ላም ነበረችኝ» አሉ። «መንታ ወለደች፤ ወይፈንና ጊደር። ጊደሯ፣ ምን ልንገርህ፣ እንደ እሷ ያለች ቆንጆ በረቴ ገብታ አታውቅም። ዛሬ ኮርማ ትፈልጋለች፣ ነገ ትፈልጋለች ብዬ ጠበቅሁ። የስመኝ አባት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ‘ተይ፣ ከወይፈን ጋር የመጣች ናት፤ መሲና ናት’ ይለኛል። አልሰማሁትም። በመጨረሻ ለፋሲካ ለቅርጫ ሄደች። ሲወስዷት ዞር ብላ አየችኝ።»

«እማማ፣ እሷ ላም ናት።»

«አውቃለሁ! የእናቴ እህት ከወንድሟ ጋር መንታ ተወልዳ ቤት ሙሉ ልጅ ወልዳለች። የእሷ ግን ሁለት ነበር፤ እናቴ ነግራኛለች። ታዲያ ስመኝ ልጆቹን ስትገላገል ሁለተኛው የእንግዴ ልጅ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። ጠበቅሁ። አልመጣም። ሁለት እትብት ከአንዱ ላይ በቅሎ ሳይ ያቺ ጊደር ትዝ አለችኝ። ጎረቤቷ ውኃ ልታመጣ ወጥታ ነበር። ሳትመለስ አካፋውን አነሣሁ።»

ከዚያ፣ በጣም ቀስ ብለው፣ «እንደዚያች ዞር ብላ እንዳታየኝ ብዬ ነበር» አሉ።

«ቦራ! ና እስቲ!» ብዬ ልጓሙን አላላሁለት።

ከቀበሌዋ መግቢያ ያለው ወንዝ በዝናቡ ሞልቶ የመሻገሪያውን አፈር ጠርጎ ወስዶታል። የጋሪው ግራ ጎማ ማጥ ውስጥ ገባና ቀጥ አልን። እኔ ወርጄ የቦራን አንገት አቅፌ ስስብ ከኋላ ጋሪው ሲነቀነቅ ሰማሁ። ዞር ብል እማማ ቀሚሳቸውን ወገባቸው ላይ ሸጉጠው፣ ትከሻቸውን አስደግፈው ይገፋሉ። አማቴ! እኔ ፊት እንጀራ ቆርሰው የማያውቁት ሴትዮ! «ሳበው እንጂ ምን ታየኛለህ!» ብለው ጮኹብኝ። ሳብኩት። ወጣን።

የቀበሩት በወጉ እንደሚደረገው ቤቱ ሥር አልነበረም፤ ከጥጃ ማጎሪያው ጀርባ፣ ከቁልቋሉ ሥር ነው። ስንደርስ ውሻቸው እዚያ ተቀምጧል። የፊት እግሮቹ በአፈር ተለውሰዋል፣ መሬቱም ተጭሯል። እማማ አንድ ጊዜ «ወየው!» አሉና ተንበረከኩ። በእጃቸው አፈሩን ጠረጉት። ጠፍጣፋ ድንጋይ ወጣ፤ እሳቸው ያኖሩት ነው። ውሻው ድንጋዩን መገልበጥ አቅቶት ነበር የተቀመጠው። ከሥሩ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለው ነገር እንደተጠቀለለ ነው። እማማ ከነቅጠሉ አንሥተው ታቀፉት። ጠዋት ሴቷን እንዳቀፏት አድርገው፣ በጋቢ ሸፍነው ይዘውት መጡ።

ስንመለስ አምቡላንሱ ሆስፒታሉ በር ላይ ነው። ሞተሩ ይሠራል። አንዲት ነርስ ልጅቷን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ስመኝ ግድግዳ ተደግፋ ከኋላዋ ቆማለች። «ቆይ! ቆይ! ቆይ!» እያልኩ ጋሪውን አምቡላንሱ አፍንጫ ሥር አቆምኩት። ሹፌሩ የሰደበኝን እዚህ አልጽፈውም።

ዶክተሩ ቅጠሉን ሰፊ ሰሃን ላይ ፈታው። ውኃ አፈሰሰበት።

የእንግዴ ልጅ አይቼ አላውቅም ነበር። አስቀያሚ ነገር ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ከዳር እስከ ዳር አንድ ክብ ነው። ሁለት እትብት ወጥቶበታል፤ ከየእትብቱ ሥር ደግሞ ሰማያዊና ቀይ ሥሮች እንደ ዋርካ ቅርንጫፍ ተዘርግተዋል። ዶክተሩ በሁለቱ መካከል ያለውን ስስ ሽፋን በጣቱ አንሥቶ በብርሃን አየው። ማዶው ይታያል። ቀና ብሎ «ሰብለ፣ ኦ ደም ከፍሪጅ ይውጣና ይሙቅ። የትም አትሄድም» አለ። ልጅቷ ተመልሳ ገባች። አምቡላንሱም ጸጥ አለ።

ደሙ እስኪሞቅ ድረስ ትንሽ መጠበቅ ነበረብን። «ወተት ታመጣልኛለህ?» አለኝ ዶክተሩ።

«ወተት?»

«ወተት። የቀዘቀዘ።»

በሩ ላይ ወዳለችው ሻይ ቤት ሮጥኩ። «ወተት! የቀዘቀዘ! ቶሎ!»

«ስኳር ይግባበት?» አለችኝ ባለቤቷ።

«ለእንግዴ ልጅ ነው!» አልኳት። ብርጭቆውን ስትሰጠኝ እጇ እንደ መሸሽ አለ።

ዶክተሩ ወተቱን በመርፌ ሳበ። ነጣ ባለው ወገን የሴቷን እትብት ለይቶ፣ ውስጡ የቀረውን ደም በጣቱ ጨምቆ ካወጣ በኋላ፣ ወተቱን ቀስ አድርጎ ሥሯ ውስጥ ገፋው። እኔ፣ እማማ፣ ሰብለ፣ ሌሎች ነርሶችም ጭምር ጎንበስ ብለን እናያለን። ነጩ መስመር ከእትብቷ ተነሣ። ቅርንጫፉን ተከትሎ ሄደ። ስስ ሽፋኑ የነበረበት ድንበር ላይ ደረሰ። እዚያ የሚቆም መሰለኝ። አልቆመም። ድንበሩን ተሻግሮ ወደ ወንድየው ወገን ገባ፣ ከእሱ ቅርንጫፍ ጋር ተገናኘ፣ እስከ እሱ እትብት ድረስ ነጭ ሆኖ ወጣ።

ሁለት ሰዎች፣ ገና ስም ሳይኖራቸው፣ ፊት ሳይኖራቸው፣ እዚያ ጨለማ ውስጥ መንገድ ሠርተው ሲላላኩ ከርመዋል። እኛ ውጭ ሆነን ስለ ስማቸውና ስለ ልብሳቸው ስናወራ እነሱ ደም ይለዋወጡ ነበር።

«ከእሷ ወደ እሱ» አሉ እማማ በሹክሹክታ።

«ሲወለዱ የመጨረሻው ፍሰት ከእሷ ወደ እሱ ሆነ። ለዚህ ነው እሷ የነጣችው፣ እሱ የቀላው» አለ ዶክተሩ። መርፌውን አስቀምጦ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ድምፁ ቅድም «ባሕር ዳር ብልካት ይሻላል» ያለኝ ሰው ድምፅ አይደለም። «ከዚያ በፊት ግን ወዲያም ወዲህም ይሄድ ነበር። ደም የሚሠራው ዘር ራሱ ተሻግሯል። የእሱ እሷ አጥንት ውስጥ ገብቷል፣ የእሷም እሱ ውስጥ። ሰብለ አልተሳሳተችም፤ ሁለቱም ሁለት ዓይነት ደም አላቸው። ምናልባት ዕድሜዋን ሁሉ የወንድሟን ደም እየሠራች ትኖራለች። እናንተ፣ እኔ እንደዚህ ያለ አይቼ አላውቅም። ከዚህ በኋላም የማይ አይመስለኝም።»

እማማ ግን አንድ ጥያቄ ቀርቷቸው ነበር። «እንግዲያው መሲና ናት?» አሉት።

ዶክተሩ አልሳቀባቸውም። «እናቴ፣ በላሞቹ ያዩት እውነት ነው። የወይፈኑ ደም በዚህ ባየነው ዓይነት መንገድ ወደ ጊደሯ ይሄድና ማሕፀኗን ያበላሸዋል። እርስዎ ያንን ከዚህ ጋር ማያያዝዎ አያስወቅስዎትም። ሰው ግን እንደ ላም አይደለም። እንደ እሷ ተወልደው የታወቁት ሴቶች እንደማንኛዋም ሴት ልጅ ነው ያደጉት። ስታድግ እናያታለን፤ ለጥንቃቄ ነው እንጂ ፈርቼ አይደለም።»

እማማ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ያየሁት ያኔ ነው።

ደሙ በቀጭን ቱቦ፣ በጣም ቀስ እያለ ገባላት። ወንዱንም ደሙ እንዳይወፍርበት ጥቂት እየቀዱ በምትኩ የጨው ውኃ ሰጡት፤ ስለ እሱ ያን ያህል አልሰጋንም፤ የበላ ልጅ ነው። እኔ ዓይኔን ከሴቷ ከንፈር አላነሣሁም። መጀመሪያ ምንም የለም። ቆይቶ የውስጡ ጠርዝ ላይ አንዲት ቀይ ቀለም መጣች። ከዚያ ጉንጯ። ከዚያ ጆሮዋ። ከዚያ ፊቷን አጨማደደችና ጮኸች። ምን ዓይነት ጩኸት! ኮሪደሩን ሞላችው።

ስመኝ ከወዲያኛው ክፍል «ይቺ የማን ልጅ ናት?» ብላ ተጣራች።

«የኛ ናት!» አልኳት።

እማማ የእንግዴ ልጁን ከዶክተሩ ለመኑትና ይዘውት ሄዱ። በማግሥቱ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ፣ በወጉ ቤቱ ሥር ቀበሩት። «ስንት ነበር?» ላላቸው ሁሉ «አንድ! ወተት ጠጥቶ የተቀበረ አንድ!» ይሉ ነበር። ወንዱ በአርባ ቀኑ ክርስትና ሲነሣ ደግሞ የሴቷ ሰማንያ ገና መሆኑን ለሚያስታውሷቸው «ግድ የለም፣ የደሟ ግማሽ ዛሬ ተጠምቋል» አሉ። ቄሱ ሰምተው እንዳልሰማ ሆኑ።

አንባቢዎቼ፣ ሰዎች «አማትህን አልተቀየምካቸውም?» ይሉኛል። እንዴት ልቀየማቸው? የዋሹት ለእሷ ብለው ነው። ግን ይኸን ልንገራችሁ፦ ለልጅ ነገ ብለን የምንደብቀው ነገር ዛሬዋን ሊበላባት ይችላል። ሐኪም ሲጠይቃችሁ ያያችሁትን ንገሩት። የሚያሳፍር ቢመስላችሁም ንገሩት። የእሳቸው ጀግንነት መቅበሩ ላይ አልነበረም፤ ከአግዳሚው ተነሥተው ነጠላቸውን ማውረዳቸው ላይ ነው። ሰው ሁሉ ያን ማድረግ ይችላል ብዬ አልምልም።

እኔም ከዚያ ወዲህ «ይኸማ ምን ይደንቃል» ማለት ትቻለሁ። ባጃጄ ውስጥ ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ እንኳ አንዳንዴ በመስታወቱ አያቸዋለሁ። በመካከላቸው እኔ የማላየው ምን መንገድ አለ እያልኩ እገረማለሁ።

ልጆቹ ታሪኩን ያውቁታል። ሴቷ ሐኪም ቤት በሄደች ቁጥር «የእኔ ደም ሁለት ነው፤ ተጠንቅቃችሁ እዩት» ብላ ራሷ ታስጠነቅቃለች። ክረምት ላይ እማማ ዘንድ ሰንብተው ሲጣሉ ደግሞ የቤቱ ጣራ ሊነቀል ይደርሳል። ባለፈው ሄጄ ከደጅ ሰማኋቸው።

«ደሜን መልሺልኝ!» ይላታል እሱ።

«መጀመሪያ አንተ ስትወለድ የጠጣኸውን መልስ!» ትለዋለች። እውነቷን ነው፤ ዕዳው የእሱ ነው።

እማማ አሁን አርጅተዋል፤ ነጠላም አይስቡብኝም። ከጥጃ ማጎሪያው በኩል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲመልሱላቸው ሰማሁ።

«አንድ ነበር አላልኳችሁም? ምን ያጣላችኋል!»